ፈቃድና ማሳወቅ፦ የአደባባይ ስብስብ በፊቅህ ታሪክና በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ልምድ

ብዙ ሕዝብ በከተማ አደባባይ ለመሰብሰብ ሲያስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ማንን እናስፈቅድ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ማመልከቻ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ መልስ ይጠበቃል። ሆኖም በዚሁ ሂደት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ባለሥልጣኑ ካልሰጠ ስብስቡ አይኖርም። ሁለተኛው ማሳወቅ ነው፤ መብቱ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ፣ ጊዜውንና ቦታውን ከሌላው ነዋሪ ጋር ለማጣጣም ሲባል ለባለሥልጣኑ ይነገራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት በእስልምና የፊቅህ ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ መሠረት እንዳለው፣ በአገራችን ሕግም ውስጥ ሁለቱም ሐሳቦች በየዘመናቸው እንደተንጸባረቁ ማሳየት ነው።

የመዝሀቦች ክርክር

ጁሙዓና ዒድ በባሕርያቸው የአደባባይ ዒባዳዎች ናቸው። ስለዚህ የፊቅህ ሊቃውንት «ያለ ገዢ ፈቃድ ይቆማሉን?» ብለው መጠየቃቸው አያስገርምም። በሐነፊ መዝሀብ ጁሙዓን የሚያቆመው ሱልጣኑ ወይም እርሱ የወከለው ሰው ሊሆን ይገባል። ቡርሃኑዲን አል-መርጊናኒ (በ593 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) «አል-ሂዳያ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሰጡት ምክንያት ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ጁሙዓ በታላቅ ስብስብ ስለሚሰገድ፣ ማን ይቅደም በሚለው ላይ ጠብ እንዳይነሣ የሚል ነው። ከዚህ እንደምንረዳው መነሻው የገዢው ክብር ሳይሆን የሕዝቡ ሰላም ነው።

ሻፊዒያ፣ ማሊኪያና አብዛኞቹ ሐንበሊያ ግን የገዢን ፈቃድ ለሶላቱ ትክክለኛነት መስፈርት አላደረጉም። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ በ35 ዓመተ ሂጅራ የተፈጸመው ነው። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) በቤታቸው ተከበው ሳሉ ዓሊ (ረ.ዐ.) ሕዝቡን የዒድ ሶላት ማሰገዳቸው ተዘግቧል፤ ሶሓቦችም አልተቃወሙም። በተለይ ሻፊዒያ ፈቃድ መጠየቅን መልካም ሥነ ሥርዓት አድርገው ሲያዩት፣ ፈቃዱ ባይገኝ ሶላቱ ይቀራል አላሉም።

በሐነፊያ ዘንድ እንኳ ነገሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ አልነበረም። አል-ካሳኒ (በ587 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) ካወሱዋቸው መስፈርቶች አንዱ «አል-ኢዝን አል-ዓም»፣ ማለትም ለሕዝብ ሁሉ የተሰጠ የመግቢያ ፈቃድ ነው። አሚሩ የግቢውን በር ዘግቶ ከወታደሮቹ ጋር ብቻ ቢሰግድ ጁሙዓው አይቆምም፤ በሩን ለሕዝብ ከከፈተ ግን ይቆማል። እንግዲህ ገዢው ለሕዝቡ ፈቃድ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ስብስቡ የሕዝብ ይሆን ዘንድ በሩን የመክፈት ግዴታ በገዢውም ላይ አለ ማለት ነው።

ሙስሊም ባልሆነ ገዢ ሥር የሚኖር ማኅበረሰብስ? ኢብን ዓቢዲን (በ1252 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) «ረድ አል-ሙሕታር» በተባለው ሥራቸው ከቀደምት ሊቃውንት ተቀብለው እንዳሰፈሩት፣ በእንዲህ ያለ አገር ሙስሊሞች ጁሙዓንና ዒድን ማቆም ይችላሉ፤ በመካከላቸው ተስማምተውም ቃዲያቸውን ይሾማሉ። ስለዚህ የሱልጣን ፈቃድን አጥብቆ የያዘው መዝሀብ ራሱ፣ ሁኔታው ሲለወጥ የፈቃዱን ቦታ ለማኅበረሰቡ ስምምነት ሰጥቷል። ለዘመናት በክርስቲያን ነገሥታት ሥር ለኖሩት የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የዚህ አስተያየት ትርጉም ግልጽ ነው።

የመንገድ ሐቅ

ፈቃድን መስፈርት አለማድረግ ግን ስብስቡን ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመንገድ ላይ ስለመቀመጥ ሲያስጠነቅቁ፣ ሶሓቦች መቀመጫ እንደሚያስፈልጋቸው በገለጹ ጊዜ «እንግዲያው ለመንገድ ሐቁን ስጡት» የሚል ትርጉም ያለው መልስ መስጠታቸው በአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) ዘገባ ይታወቃል። ከሐቁም አንዱ አላፊ አግዳሚን ከማስቸገር መቆጠብ ነው። የዒድን ሶላት ደግሞ ወደ ሙሶላው ሜዳ ወጥተው ይሰግዱ ነበር፤ በአንድ መንገድ ሄደው በሌላው መመለሳቸውም ተዘግቧል።

አል-ማወርዲ (በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ) «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» በተባለው መጽሐፋቸው መስጊዶችን በሁለት ከፍለዋል። በሱልጣን የሚተዳደሩት ታላላቅ መስጊዶች ኢማማቸው በሹመት ይመጣል፤ የየመንገዱና የየጎሣው ሰዎች የሠሯቸው ግን ኢማማቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ሱልጣኑም ጣልቃ አይገባባቸውም። እንደ እርሳቸው አከፋፈል፣ ሥልጣን በአደባባይ ሕይወት ውስጥ ድርሻ አለው፤ ሆኖም ድርሻው ወሰን አለው።

ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት እስከ ሚያዝያ 1966

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 ኢትዮጵያውያን መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ መብቱን በሕግ ለሚወሰኑ ሁኔታዎች ተገዢ አድርጎታል። በአንቀጽ 126 ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆና ታወቀች። ስለዚህ የአደባባይ በዓል ጉዳይ ሲነሣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በእኩል ደረጃ ላይ አልነበሩም። የአንዱ በዓል የመንግሥትም በዓል ነበር፤ የሌላው ግን የግል ጉዳይ ሆኖ ይታይ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍን የሚመለከት ዐዋጅ ሲወጣ፣ ነፃነትን ያጠብባል በማለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙት።

በዚህ መነሻ ሲታይ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደው ሰልፍ ልዩ ቦታ አለው። በተለምዶ 100,000 ያህል ተብሎ የሚገመት ሕዝብ ለሃይማኖት እኩልነት ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰለፉ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን የቀረቡት 13 ጥያቄዎች የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓላት እንዲሆኑ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚለው አጠራር ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባል የሚጠይቁትን ይጨምራሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ከያዝነው ርእስ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። «የሚኖር» ሰው እንደ እንግዳ ያስፈቅዳል፤ የአገሩ ዜጋ ግን ስለሚያደርገው ነገር ያሳውቃል። ሰልፉ ጥያቄውን በቃል ብቻ አላቀረበም፤ በከተማዋ ጎዳና ላይ በመገኘትም ገለጸው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዒድ አል-ፊጥርን፣ ዒድ አል-አድሓንና መውሊድን የሕዝብ በዓላት አድርጎ ተቀበለ። በዚህም የቀኑ ጥያቄ መልስ አገኘ። ቀኑ የታወቀለት ሕዝብ የት ይሰብሰብ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ ቀጠለ።

የ1983ቱ ዐዋጅና ከዚያ ወዲህ

በሽግግሩ መንግሥት የመጀመሪያ ወራት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 3/1983 ቋንቋውን ለወጠ። አዘጋጆች ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሚጠበቀውን የሰው ብዛት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቃሉ። አስተዳደሩ በሌላ ጊዜ ወይም በሌላ ቦታ ይሁን ብሎ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ ይችላል፤ ጨርሶ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ዐዋጁ የወጣው ለሰላማዊ ሰልፍና ለፖለቲካ ስብሰባ ቢሆንም፣ የያዘው መርሕ ከዚያ የሰፋ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 እምነትን በግልም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በአደባባይም መግለጽን መብት አደረገ፤ አንቀጽ 30 ደግሞ የስብሰባን ቦታና የሰልፍን መንገድ የሚመለከት ሥርዓት እንዲወጣ ፈቀደ። የሥርዓቱ ጉዳይ «የት» እና «በምን አኳኋን» የሚለው እንጂ «ይሁን ወይስ አይሁን» የሚለው አይደለም።

የተግባሩ ታሪክ ግን ሁልጊዜ ከሕጉ ቃል ጋር አልተጓዘም። በ2004 ዓ.ም. የተነሣው የሙስሊሞች የመብት ጥያቄ በአብዛኛው ከጎዳና ይልቅ በአወሊያና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ ከጁሙዓ ሶላት ጋር ተያይዞ መሰማቱ የሚያስገነዝበው አለ። አደባባዩ በተግባር ሲጠብብ፣ የማንንም ፈቃድ የማይሻው የጁሙዓ ስብስብ ራሱ አደባባይ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ረመዷን በመስቀል አደባባይ ሊካሄድ የታሰበው የጎዳና ኢፍጣር በቦታው ላይ ክርክር አስነሣ፤ መርሐ ግብሩም በታሰበበት ዕለት አልተካሄደም። በሁለቱም ወገን የተነሡት ስሜቶች ከአንድ ማዕድ እጅግ የሚበልጡ ነበሩ፤ ክርክሩ አደባባዩ የማን ነው የሚል ነበርና።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለሁለት ወገን የሚሆን ትምህርት አለው። ለአስተዳደሩ፣ የመርጊናኒ ምክንያት ዛሬም ይሠራል፤ የባለሥልጣን ድርሻ ጠብን መከላከል፣ ጊዜና ቦታ ማጣጣም ነው። ይህ ድርሻ ሲያልፍና መብቱን ሰጪና ነሺ ሲሆን ግን፣ በሩን ዘግቶ እንደሰገደው አሚር የስብስቡን ትርጉም ያጠፋዋል። በቃል የተነገረ ክልከላ፣ በመጨረሻው ሰዓት የመጣ መልስ፣ ምክንያት ያልተጻፈበት እምቢታ የማሳወቅን ሕግ በተግባር ወደ ፈቃድ ይመልሱታል። ለአዘጋጆች ደግሞ የመንገድ ሐቅ አለ። የታማሚ መኪና መተላለፊያ፣ የጎረቤት ደጃፍ፣ የሌላው እምነት ተከታይ ስሜት፣ ከስብስቡ በኋላ የሚቀረው ቆሻሻ ሁሉ ከዚያ ሐቅ ይቆጠራሉ። በጊዜ ማሳወቅም የዚሁ ሐቅ አካል እንጂ መብትን አሳልፎ መስጠት አይደለም።

በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ጎዳና የወጡት አባቶችና እናቶች የጠየቁት በአገራቸው እንደ ባለአገር መቆጠርን ነው። ለከተማው አስተዳደር በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «እንዲፈቀድልን» በሚለው ቃል ፈንታ «እናሳውቃለን» የሚለው ሲሰፍር፣ ደብዳቤውም በዚያው መንፈስ ሲነበብ፣ ጥያቄያቸው በአንድ ትንሽ ወረቀት ላይ መልስ ያገኛል።