የጋሞ ምግብና ልብስ፦ ኩርኩፋና ዱንጉዛ

ላንቴ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ በኩል የምትገኝ፣ በሙዝ ምርቷ የምትታወቅ ቀበሌ ናት። ቆላ በመሆኗ ምግቧ ከደጋው ጨንቻ ይለያል። እዚያ የእንሰቱ ቆጮ ይበዛል፤ እዚህ ግን በቆሎና ሽፈራው ነው። የበቆሎ ሊጥ በትንንሹ ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ሲቀቀል ኩርኩፋ ይባላል፤ ዳጣ ያጣፍጠዋል። ሥጋ ስለሌለበት «የማን እርድ ነው?» ሳንል ከጎረቤቶቻችን ጋር አብረን እንበላዋለን።

ቦርዴ ግን ሌላ ነው። ከእህልና ከብቅል የሚፈላ መጠጥ ነውና፣ ብዙው የሚያሰክር ጥቂቱም ሐራም ነው በሚለው ድንጋጌ መሠረት ልንርቀው ይገባል። ተጋብዘን «ውሃ ይበቃናል» ማለት ነውር የለውም።

ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሮች ያሉት የጥጥ ሽመና ነው። በልማዱ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያውን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወስደውታል። ዐውራን እስከሸፈነ ድረስ ለዒድ ብንለብሰው የሚከለክለን የለም፤ እንዲያውም ያምራል። ስንገዛ ግን ጨርቁን ገልብጠን እንየው፦ በማሽን የታተመው ጀርባው ይደበዝዛል፣ በእጅ የተሸመነው መስመሩ በሁለቱም በኩል ይታያል። የሸማኔው እንጀራ ያለው በዚህኛው ነው።