ድመት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አነጋገር

ድመትን ከሰው ቤት ያስጠጋት እህል ነው። እህል ሲከማች አይጥ ይመጣል፤ አይጥ ሲመጣ ድመት ትከተላለች። ይህ ጉርብትና እጅግ ጥንታዊ ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ጎተራና ጎታ ባለበት የኢትዮጵያ ቤትም ድመት የምትያዘው ለዚሁ ሥራ ነው። በሐዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ በሚገኝ እህል ቤት በበቆሎ ጆንያ ላይ ተጠቅልላ የተኛች ድመት ጆሮዋ ግን አይተኛም። ከጆንያው ሥር ኮሽ ሲል ዘላ ትወርዳለች፤ ያ ሁሉ እንቅልፍ አድፍጦ መጠበቅ ነበር።

አማርኛ ድመትን ያወቃት በዚህ ጠባይዋ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌ ጠባዩ ሳይለወጥ ልብሱን ብቻ ለለወጠ ሰው ይነገራል። ተረቱ ሲተረት ድመት ቆብ ደፍታ «ከእንግዲህ ሥጋ በቃኝ» ትላለች፤ አይጦቹ አምነው ሲቀርቧት ትነጥቃቸዋለች። «መነኮሰ» የሚለው ግስ ሥሩ ግሪክኛው «ሞናኮስ» ስለሆነ፣ ምሳሌው በዚህ መልኩ ሊነገር የቻለው ምንኩስና በአገሩ ከተተከለ በኋላ ነው። ሐሳቡ ግን የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በደቡብ ህንድ ማሃባሊፑራም በ7ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. በዓለት ላይ የተቀረጸች ድመት በኋላ እግሯ ቆማ፣ የፊት እግሮቿን እንደ ባሕታዊ ወደ ላይ ዘርግታ ትታያለች፤ አይጦች ከሥሯ አሉ። ኢብን አል ሙቀፋዕ በ8ኛው መቶ ዘመን ወደ ዓረብኛ በመለሰው «ከሊላ ወዲምና» ውስጥም ጾመኛ መስላ ዳኝነት የምትቀመጥ ድመት አለች። አማርኛው ከእነዚህ የሚለየው ረጅሙን ተረት ቤት በሚመታ አንድ መስመር መጨረሱ ነው፤ ለዚህም ይመስላል ከአፍ ያልጠፋው።

«ለድመቷ ቃጭሉን ማን ይሰርላት?» የሚለው ደግሞ አማርኛ ከአውሮፓ ጋር የሚጋራው ነው። በአውሮፓ ይህን የአይጦች ምክክር ተረት በ13ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ሰባኪ ኦዶ ዘቼሪተን በላቲን ጽፎታል። በአማርኛ ሁሉም የሚፈልገውን፣ ግን ማንም የማይደፍረውን ሥራ ያመለክታል።

በእንግሊዝኛ ድመት ብዙ መልክ አላት። «ድመቷን ከከረጢት አወጣት» ማለት ምሥጢር ወጣ ማለት ነው። በአሳማ ግልገል ፋንታ ድመት በከረጢት ከሚሸጥ አጭበርባሪ የመጣ ነው ቢባልም ማስረጃው ደካማ ነው። «ድመትም ንጉሥን ማየት ትችላለች» የሚለው በጆን ሄይውድ የ1546 የምሳሌዎች መድብል ውስጥ ይገኛል፤ ትንሽ ሰውም በትልቅ ሰው ፊት መብት አለው ለማለት ነው። ዛሬ «የማወቅ ጉጉት ድመትን ገደላት» የሚባለው ቀድሞ «ጭንቀት ድመትን ገደላት» ነበር፤ ቤን ጆንሰን በ1598 በታየው ተውኔቱ ተጠቅሞበታል። ድመት በእንግሊዝኛ 9፣ በስፓኝኛና በዓረብኛ 7 ነፍስ አላት ይባላል።

ለተማሪ የሚከብደው በጆናታን ስዊፍት የ1738 ድርሰት የሚገኘው «ድመትና ውሻ ዘነበ» ነው። በቤቱ ሲዳምኛ፣ በገበያ አማርኛ የሚናገር የሐዋሳ ተማሪ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይህን ሲያነብ ቃል በቃል ቢመልሰው ትርጉም አያገኝም። አማርኛው ለእንዲህ ያለው ከባድ ዝናብ እንስሳ አይጠራም፤ «ዶፍ ወረደ» ይላል።