አፍ መፍታት የተሳናቸው የሮማኒያ ሕፃናት

የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 የሮማኒያን ሕዝብ ቁጥር ለማብዛት ሲል ፅንስ ማስወረድን በአብዛኛው በመከልከሉ፣ የወለዷቸውን ለማሳደግ አቅም ያነሳቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያዎች ይሰጡ ነበር፤ አገዛዙ በ1989 መጨረሻ ሲወድቅም ከ100,000 በላይ ልጆች በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ተገኙ። ሕፃናቱ በሰዓቱ ይመገቡ፣ ይታጠቡም ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ሞግዚት ብዙዎችን ስለምታዳርስና ተረኞችም ስለሚፈራረቁ፣ ሕፃኑን ለይቶ የሚያውቅ፣ ሲያለቅስ አንሥቶ የሚያባብል፣ ድምፅ ሲያሰማም የሚመልስለት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለ አስተዳደግ የሚያደርሰው ጉዳት ቀድሞም የታወቀ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሬኔ ስፒትዝ በ1945 ባሳተመው ጥናት ንጽሕናው የተጠበቀ የሕፃናት ማሳደጊያን እስረኛ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው ከሚንከባከቡበት የወኅኒ ቤት ማቆያ ጋር አነጻጽሮ፣ የኋለኞቹ በደኅና ሲያድጉ የፊተኞቹ በአካልም በንግግርም ክፉኛ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አሳየ። ሌላው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢም በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ዘገባ ይህንኑ አጠናከረ፤ ሕፃኑ ዘወትር ከሚንከባከበው ሰው ጋር የሚመሠርተውን ጽኑ ትስስር፣ ማለትም ቁርኝትን፣ የምርምር ዘርፍ ያደረገውም እርሱ ነው። ሮማኒያ እነዚያን ማሳደጊያዎች የሞላችው ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ መሆኑ ልብ ይሰብራል።

ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና ከ2000 ጀምሮ በቡካሬስት ማሳደጊያዎች የነበሩ 136 ሕፃናትን ሲያጠኑ፣ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለጥናቱ ወደተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ተወሰዱ። የልጅ ዕድል በዕጣ መወሰኑ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ቢያስነሣም ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ 15 ወር ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመታቸው ሲፈተኑ በመናገርም በመረዳትም እንደ እኩዮቻቸው ሲሆኑ፣ ከ24 ወር በኋላ የተወሰዱት ግን በማሳደጊያው ከቀሩት አልተሻሉም። ምክንያቱ በቃላት እጥረት ብቻ አይገለጽም። ሕፃን አፉን የሚፈታው ቃል ስለሰማ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያምነው ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ለድምፁ ሲመልስለትና ሁለቱ አብረው የሚያዩትን ነገር፣ ተመራማሪዎች የጋራ ትኩረት በሚሉት ቅጽበት፣ በስሙ ሲጠራለት ነው፤ ይህንንም ምልልስ በየሰዓቱ የምትለዋወጥ ተረኛ ልትሰጠው አትችልም።

ሮማኒያ በ2004 ባወጣችው ሕግ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ወደ ማሳደጊያ እንዳይገቡ ከለከለች፤ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ግን ከክልከላው ውጭ አደረገች፤ የቅርብ ሰው ምላሽ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ነበሩና ይህ የሕጉ ትልቅ ጉድለት ነው።