የጥርስ ሳሙናና መጉመጥመጥ፦ የአንድ ልማድ ታሪክ

በአማርኛችን «የጥርስ ሳሙና» የሚለው ስያሜ አንድ ትእዛዝ በውስጡ የያዘ ይመስላል። ሳሙና የነካው ሁሉ በውሃ ይለቀለቃልና፣ ጥርሱን የቦረሸ ሰው አፉን ደጋግሞ መጉመጥመጡ የንጽሕና ፍጻሜ ሆኖ ኖሯል። ስያሜውም በጊዜው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ እስከ ሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙዎቹ የተሠሩት ከጠመኔ ዱቄትና ከእውነተኛ ሳሙና ነበር።

ነገሩን የለወጠው ፍሎራይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር፣ የብዙ ነዋሪዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። እነዚህ ጥርሶች መልካቸው ቢበላሽም በቀላሉ እንደማይቦረቦሩ ኋላ ተረዳ። ምክንያቱ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ በ1931 ታወቀ። በ1945 የግራንድ ራፒድስ ከተማ በውሃዋ ፍሎራይድ በመጨመር ቀዳሚ ሆነች፤ በ1956ም ክረስት የተባለው ባለፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በመላ አሜሪካ ለገበያ ቀረበ።

ሳሙናው መድኃኒት ሲሆን ልማዱ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ፍሎራይድ የሚሠራው ተውጦ፣ ጥርስ ገና ሲፈጠር ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ዋናው ሥራው በአፍ ውስጥ እንደሆነ ግልጽ ሆነ፤ ይኸውም በምራቅ ውስጥ የቀረው ጥቂት ፍሎራይድ፣ አሲድ ከጥርስ ያሟሟው ማዕድን እንዲተካ ያግዛል። እንግዲህ በብርጭቆ ውሃ የሚጉመጠመጥ ሰው መድኃኒቱን ከአረፋው ጋር ይደፋዋል ማለት ነው። በ2007 በእንግሊዝ አገር ለባለሙያዎች የወጣው መመሪያ ትፉ እንጂ አትጉመጥመጡ ሲል መከረ። እርግጥ ነው፣ ጥቅሙ በሁሉም ጥናት እኩል አልታየም፤ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽን የሚተካም አይደለም።

ለእኛ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂን ጨምሮ፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ አበላሽቷል፣ የጎልማሶችንም አጥንት ጎድቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ስለሆነም አትጉመጥመጡ ማለት ዋጡት ማለት አይደለም፤ ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የሚያህል ይበቃዋል።

ስያሜውን መለወጥ አያስፈልገን ይሆናል። ነገር ግን ታካሚያችን ከወንበሩ ሳይነሣ በእጁ የያዘው ሳሙና ብቻ አለመሆኑን፣ አረፋውን ተፍቶ የቀረውን በጥርሱ ላይ መተው እንደሚሻለው ልንነግረው ይገባል።