የአባቱን ቡጢ የተወ ልጅ

የሚወዱት ገጸ ባሕሪ በአዲስ ጌም ተመልሶ ሲመጣ የተጫዋቾች የመጀመሪያ ቅሬታ የታወቀ ነው፦ «ለምን እንደ ድሮው አይመታም?» የቴከኑ ጂን ካዛማ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ቴከን 3 ሲወጣ ጂን አዲስ ፊት ነበር፤ ምቱ ግን አዲስ አልነበረም። ከፊሉን ከአባቱ ከካዙያ ሚሺማ፣ ከፊሉን ከእናቱ ከጁን ካዛማ ወርሶታል። ዝቅ ብሎ ተስፈንጥሮ ይገባና ከታች ወደ ላይ በመብረቅ የታጀበ ቡጢ ያሳርፋል። ያቺን ቡጢ በትክክለኛዋ ቅጽበት ለማውጣት ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ጂንን መያዝ ማለት ማጥቃት ማለት ነበር።

በ2001 ቴከን 4 መጣ። ጂን ተመለሰ፣ አብዛኛው የሚሺማ ምት ግን የለም። ቀጥ ያለ ቡጢ፣ የተመጠነ ርቀት፣ የባላጋራን ስህተት ጠብቆ መቅጣት፤ ባህላዊ ካራቴ ነው። ምክንያቱ ታሪኩ ውስጥ አለ። በቴከን 3 መጨረሻ ላይ አያቱ ሄይሃቺ በጥይት መታው። ጂንም ከሚሺማ ያገኘውን ሁሉ ጠላ፣ የገዛ እጁን ጭምር። አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ገብቶ የተማረውን ለመርሳት ሁለት ዓመት ለፋ።

ይህን በአጭር ፊልም ብቻ መንገር ይቻል ነበር። ሠሪዎቹ ግን ተጫዋቹ ጣት ላይ አኖሩት። ልጁ የለመደውን ለመተው ሲታገል፣ የያዘውም ሰው አብሮት ይታገላል። የለፋ ደግሞ አላፈረም፤ በቴከን 4 ከጂን የሚበረታ ማግኘት ከባድ ነበር።

የተጣለው ምትስ? አልሞተም። በቴከን 5 ዴቪል ጂን ራሱን የቻለ ተፋላሚ ሆኖ ሲመጣ የቴከን 3ን የሚሺማ ምቶች ይዞ መጣ። የድሮውን ጂን የናፈቀ ሰው ዲያብሎሱን መምረጥ ነበረበት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትረካ የለም።

በ2024ቱ ቴከን 8 ጂን መሸሹን አቆመ፤ በውስጡ ካለው ዲያብሎስ ጋር ታረቀ። «ሂት» ሲገባ ያ ኃይል የራሱን የካራቴ ምቶች ያጠነክራል። አሁን ኃይሉ ያገለግለዋል እንጂ አይገዛውም።

ክህደቱ በቴከን 4 ተጀመረ፤ እርቁ 23 ዓመት ፈጀ። ጂን በየጊዜው እንደ ድሮው ቢመታ ኖሮ ይህን ጉዞ ማን ያውቅለት ነበር?