ከልጅነት ክትባት ጋር የተያያዙ የካሳ ጥያቄዎች፦ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ሕግና አሠራር

ልጅ ክትባት ከወሰደ በኋላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሲታመም የወላጅ ጥርጣሬ ቀድሞ የሚያርፈው በክትባቱ ላይ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሕግ ግን ካሳ የሚወስነው በጥርጣሬ ሳይሆን በማስረጃ በመሆኑ፣ በዱባይ አል ቁሰይስ እንዲሁም በሻርጃና በአጅማን የሚኖሩ ወላጆች አቤቱታ የት እንደሚቀርብና ምን መረጋገጥ እንዳለበት አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ሁኔታ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ትኩሳት፣ የክንድ ወይም የጭን እብጠትና ለቅሶ በብዛት የሚታዩ ሲሆኑ፣ የቢሲጂ ክትባት ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል አውጥቶ ጠባሳ መተዉ የሚጠበቅ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ አለርጂ የሚያጋጥመው ከአንድ ሚሊዮን ክትባት በአንዱ ገደማ ነው። ልጁ ከተከተበ በኋላ በክሊኒኩ ለጥቂት ጊዜ እንዲቆይ የሚደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው በአሰጣጥ ላይ የሚፈጸም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በፓሲፊክ ደሴቲቱ አገር ሳሞአ ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት እንደወሰዱ ሕይወታቸው አልፏል። ምርመራው እንዳረጋገጠው የክትባቱ ዱቄት የተበጠበጠው በተመደበለት ውኃ ሳይሆን ጡንቻን በሚያዝል የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። ክትባቱ ራሱ ጉድለት አልነበረበትም። ሁለት ነርሶች ጥፋታቸውን አምነው በ2019 እያንዳንዳቸው የአምስት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ሦስተኛው ግጥምጥሞሽ ነው። ልጆች አብዛኛውን ክትባት የሚወስዱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሲሆን፣ አብረው የተወለዱ ሕመሞችና የእድገት መዘግየት የሚታወቁትም በዚያው ዕድሜ ነው። አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱ ብቻውን ምክንያትነትን አያረጋግጥም።

የኤምሬቶች ሕግ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጉዳዩ የሚታየው በዋናነት በሕክምና ተጠያቂነት የፌዴራል አዋጅ ሕግ ቁጥር 4/2016 ነው። ሕጉ የሕክምና ስህተት የሚለው ባለሙያው በሙያው ሊያውቀው የሚገባውን ባለማወቁ፣ ተቀባይነት ያለውን የሙያ ደንብ ባለመከተሉ፣ አስፈላጊውን ጥረት ባለማድረጉ ወይም በቸልተኝነት የሚፈጽመውን ጥፋት ነው። ከስህተት ያልመነጨ የታወቀ ወይም ያልተጠበቀ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ባለሙያውን ተጠያቂ አያደርግም። ስለዚህ ካሳ የሚጠይቅ ወላጅ ስህተት መፈጸሙን፣ በልጁ ላይ ጉዳት መድረሱንና ጉዳቱ ከስህተቱ የመጣ መሆኑን ማሳየት ይኖርበታል።

በሕክምና ስህተት ላይ የተመሠረተ የካሳ ክስ አስቀድሞ በሕክምና ተጠያቂነት ኮሚቴ ሳይታይ በፍርድ ቤት ተቀባይነት አያገኝም። ከሐኪሞች የተውጣጣው ኮሚቴ ስህተት መኖር አለመኖሩን፣ የስህተቱን ክብደት፣ ከጉዳቱ ጋር ያለውን ግንኙነትና የአካል ጉዳቱን መጠን በሪፖርት ያቀርባል። በሪፖርቱ ያልተስማማ ወገን ውጤቱ በተነገረው በ30 ቀናት ውስጥ ለከፍተኛው ኮሚቴ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። የጤና ተቋማትና ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ተጠያቂነት የመድን ሽፋን እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል።

አቤቱታው ወዴት ይቀርባል?

አል ቁሰይስ ከሻርጃ ጋር የሚዋሰን በመሆኑ፣ በአንዱ ኤምሬት እየኖሩ በሌላው የሚታከሙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አቤቱታ የሚቀርብበትን ቦታ የሚወስነው ልጁ የተከተበበት ተቋም እንጂ የቤተሰቡ መኖሪያ አይደለም። በዱባይ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል የተከተበ ልጅ ጉዳይ ለዱባይ ጤና ባለሥልጣን ይቀርባል፤ በሻርጃና በአጅማን ያሉትን የግል ተቋማት የሚቆጣጠረው ደግሞ የጤናና መከላከል ሚኒስቴር ነው።

ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ማስረጃ መሰብሰብ የሚጀመረው ልጁ በታመመበት ዕለት ነው። የክትባት ካርዱ የክትባቱን ስም፣ ቀኑንና ከብልቃጡ የተወሰደውን የምርት መለያ ቁጥር መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና የታዩት ምልክቶች በጽሑፍ ይያዙ፤ ፎቶግራፍና ቪዲዮም ይጠቅማሉ። ልጁን የመረመረው ሐኪም ክትባቱ መቼ እንደተሰጠ በመዝገቡ ላይ እንዲያሰፍር መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2019 የወጣው የጤና መረጃ ሕግ መዝገቦች ከመጨረሻው ሕክምና በኋላ ቢያንስ ለ25 ዓመታት እንዲጠበቁ ያዛል፤ ቢሆንም ወደ አገር የሚመለስ ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት ቅጂ ቢይዝ ይመረጣል። ለፍርድ ቤት የሚቀርቡ የውጭ ቋንቋ ሰነዶች ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ዓረብኛ መተርጎም አለባቸው። የካሳ ክስ የጊዜ ገደብ ስላለው የሕግ ምክር ሳይዘገዩ መጠየቅ ይገባል።

ያለ ጥፋት የሚከፈል ካሳ

አንዳንድ አገሮች ጥፋተኛ ሳይፈለግ የሚከፈል ካሳ አዘጋጅተዋል። ጀርመን በ1961 ቀዳሚ ስትሆን፣ ብሪታንያ በ1979 ባወጣችው ሕግ መሠረት ዛሬ 60 በመቶና ከዚያ በላይ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሰው 120 ሺህ ፓውንድ ትከፍላለች። አሜሪካ በ1986 ሕግ አውጥታ በ1988 ሥራ ያስጀመረችው ፈንድ ገቢ የሚያገኘው እያንዳንዱ ክትባት ከሚከላከለው በሽታ በ75 ሳንቲም ከሚሰበሰብ ግብር ነው። ጥያቄው የመጀመሪያው ምልክት በታየ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ፈንዱ እስካሁን ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ክትባት ኦቲዝም አስከትሏል በሚል የቀረቡ ከ5 ሺህ በላይ አቤቱታዎች በናሙናነት በተመረጡ መዝገቦች ተመርምረው በ2009 እና በ2010 በማስረጃ እጦት ውድቅ ሆነዋል። ፈንዱ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የሚያገለግለው በአሜሪካ ለተሰጠ ክትባት ብቻ በመሆኑ፣ በዱባይ ለተከተበ ልጅ በዚያ ፈንድ ካሳ እናስገኛለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን በጥንቃቄ ማየት ያሻል።

ልጁ የተከተበው በኢትዮጵያ ከሆነ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነት ድንጋጌዎች ነው። አንቀጽ 2031 የሙያ ጥፋትን፣ አንቀጽ 2085 የአምራችን ኃላፊነት፣ አንቀጽ 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ የሚፈጽመውን ጥፋትና የመንግሥትን ተጠያቂነት ይመለከታሉ። በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለእረፍት ወደ አገር ሄደው ልጃቸውን ያስከተቡ ወላጆች ይህን ገደብ ልብ ሊሉት ይገባል።

አቤቱታና ክትባት ጎን ለጎን

አቤቱታ ማቅረብ የወላጅ መብት ነው፤ ስህተት እንዲታረምም ይረዳል። የቀሩትን ክትባቶች ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ አለው። በሳሞአ ከሁለቱ ሕፃናት ሞት በኋላ ክትባቱ ለወራት ታገደ፤ የወላጆችም እምነት ቀነሰ። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ሲገባ 83 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ ጉዳት የጠረጠረ ወላጅ ቀጣዩ ክትባት ይሰጥ፣ ይዘግይ ወይም ይቅር የሚለውን ልጁን ከሚከታተለው የሕፃናት ሐኪም ጋር መወሰን ይኖርበታል፤ የካሳው ጉዳይም በራሱ መንገድ ይቀጥላል።