ጸና

ለቅሶ ቤት ድንኳን ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የማይል የለም። ብዙ ጊዜ ቃሉን ጣል አድርገን አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ሐዘንተኛውን ግን «ጽና» ብለን አላዘዝነውም፤ የግሱ ባለቤት እግዚአብሔር ነው።

«ጸና» ሁለት ፊት አለው። ሰው ሲጸና ይበረታል፣ ይቆማል፤ ሕመም ሲጸና ደግሞ ሰውየውን ይጥለዋል። ሆስፒታል ውስጥ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» የተባለው በሽታው ስለበረታባቸው ነው። መከራውና መቋቋሚያው በአንድ ቃል ይጠራሉ።

«ማጽናናት»ም የዚሁ ዘር ነው። ያዘነው ሰው እያለቀሰም እንዳይወድቅ መደገፍ ማለት ነው፤ እንባውን ማስቆም ሌላ ሥራ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ በእርግጥ አጽናኞች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው መከራውን የኃጢአቱ ዋጋ ማድረግ ሲጀምሩ ነው። (በእኛም ለቅሶ «ለበጎ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ዝም ቢል ይሻል ነበር።)

ኢዮብ ራሱ ዝም አላለም። የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ፈጣሪውን ልሟገትህ አለው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሙግት አይገጥምም፤ የሚሰማው እንዳለ ያመነ ነው የሚሟገተው። ያዕቆብም በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ ስለ መታገሡ የሚያነሣው ይህንኑ ሰው ነው።